ሌሊት የሚመጣው ሽለምጥማጥ ብቻ አይደለም

«አባዬ፣ ዶሮዎቹ ቤታችን አንገባም አሉ!»

ልጄ ይህን ስትነግረኝ ከሥራ ገብቼ ጫማዬን እንኳ አላወለቅሁም። የምንኖረው ኮልፌ ቀራንዮ፣ ዓለም ባንክ አካባቢ ነው። በግቢያችን ጥግ፣ ከውሃ ታንከሩ ጀርባ፣ የ45 ቀን ጫጩት ሳሉ ገዝተን ያሳደግናቸው ስምንት ዶሮዎች ነበሩን። በደህናው ጊዜ በቀን ስድስት፣ አንዳንዴም ሰባት እንቁላል ይጥላሉ። ለልጆቹ ቁርስ እንቁላል ከሱቅ መግዛት ከተውን ዓመት ሊሞላን ነበር። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ማንም ሳይነዳቸው ገብተው ቆጥ ላይ የሚወጡት ዶሮዎች ያን ዕለት በራቸው ላይ ተኮልኩለው ይንጫጫሉ። አንዷ ጭራሽ አጥሩ ላይ ወጥታለች።

እኔ የጠረጠርሁት ሽለምጥማጥ ነው። ሽቦውን ዞሬ አየሁ፤ የተቀደደ ቦታ የለም። ዱካም የለ፣ የወደቀ ላባም የለ። እያባረርን አስገባናቸውና በሩን ዘጋን። አሁን ሳስበው የሚቆጨኝ ይህ ነው። እንስሶቹ በሚችሉት ሁሉ እየነገሩን፣ እኛ ከሚበላቸው ጋር ቆለፍንባቸው።

በሁለት ሳምንት ውስጥ እንቁላሉ ወደ አራት፣ ከዚያ ወደ ሁለት ወረደ። አናታቸው ላይ ያለው ቀይ ሥጋ እየገረጣ ሄደ። ልጄ እንቁላል ለቅማ ስትመለስ ክንዷን ታካለች፤ ሳሙና ቀየርን፣ ለአለርጂ የሚሆን ቅባት ገዛን፣ ማከኩ ግን አልተወም። አንድ ማለዳ ቀይዋ ዶሮ ከቆጡ ሥር ሞታ ተገኘች። በሦስተኛው ቀን ሌላዋ ተከተለች። አማቴ ይህን ሲሰሙ ለምክር ጊዜ አላባከኑም፤ «ፈንግል ገብቷል፤ ሳይጨርሳቸው እረዷቸው» አሉን።

አማቴን አልፈርድባቸውም። ፈንግል ዶሮ ያረባ ሰው ሁሉ የሚፈራው ስም ነው፤ ከገባ በጥቂት ቀናት ውስጥ ግቢውን ባዶ ሊያደርግ ይችላል። ነገር ግን የእኛዎቹ ነገር ከፈንግል ጋር አልገጠመልኝም። ፈንግል ሲሆን ዶሮዎቹ በብዛትና በአንድ ጊዜ ይታመማሉ፤ ያቃስታሉ፣ አረንጓዴ ያስቀምጣቸዋል፣ አንዳንዶቹም አንገታቸው ይጣመማል። የእኛዎቹ ይበላሉ፣ ይጠጣሉ፤ ብቻ ከቀን ወደ ቀን ይገረጣሉ፣ ይከሳሉ። የሞተችውን በፌስታል ቋጥሬ ወደ አንድ የእንስሳት ሐኪም ሄድሁ። ሐኪሙ ዶሮዋን አገላብጦ ካየ በኋላ የጠየቀኝ አንድ ጥያቄ ብቻ ነው።

«ማታ ሦስት ሰዓት ላይ ቤታቸውን በባትሪ አይተውታል?»

አላየሁትም ነበር። ማን ያያል?

ማታውን የስልኬን ባትሪ አብርቼ፣ ሐኪሙ እንደነገረኝ ነጭ ሶፍት ይዤ ገባሁ። ሶፍቱን በቆጡ የታችኛው ጎን አስጠግቼ አንድ ጊዜ ሳብ አደረግሁት። ሶፍቱ ላይ ቀይ የደም ሰንበር ተሰመረ። ባትሪውን ጠጋ ሳደርገው ቆጡ የሚንቀሳቀስ መሰለኝ። ከአንድ ሚሊ ሜትር የማይበልጡ፣ ቁጥራቸው የማይታወቅ ቀያይ ነጥቦች ወደ ዶሮዎቹ እግር ይጎርፋሉ። ከዚያች ሌሊት ጀምሮ እኔንም ያሳክከኝ ጀመር።

ይህ ተባይ ባለሙያዎች ቀዩ የዶሮ ማይት የሚሉት ነው፤ እኛ በደፈናው ቅንቅን እንለዋለን። ከሌሎቹ የዶሮ ተባዮች የሚለየው ኑሮው ዶሮዋ ላይ አለመሆኑ ነው። ቀን ቀን የእንጨት ስንጥቅ ውስጥ፣ ቆጡ ከግድግዳው ጋር በሚገናኝበት ቀዳዳ፣ በእንቁላል መጣያው ሳጥን ሥር ተደብቆ ይውላል። ሲጨልም ወጥቶ ደም ይመጥጣል፤ ጠግቦ ወደ መደበቂያው ይመለሳል። ሳይበላ ግራጫ ነው፤ የሚቀላው ደም ሲጠጣ ነው። ስለዚህ ዶሮዋን በቀን ይዘው ላባዋን ቢገልጡ አንድም ላያገኙ ይችላሉ። ሙቀት ባለበት ቦታ ከእንቁላል ተነስቶ ሌላ እንቁላል እስከሚጥልበት ዕድሜ የሚደርሰው በሰባት፣ በአሥር ቀን ነው። ደም ሳያገኝም ወራትን ይቆያል፤ እስከ ስምንት ወር ድረስ። ዶሮዎቹን ሁሉ አርደን፣ በሚቀጥለው ዓመት አዳዲስ ብናስገባ ኖሮ፣ አስተናጋጁ እዚያው ቤት ውስጥ ሊጠብቃቸው ይችል ነበር ማለት ነው።

የልጄ ክንድም መልስ አገኘ። ይህ ተባይ ሰው ላይ አይኖርም፣ አይራባም፤ ካገኘ ግን ይነክሳል።

እንዴት መጣ?

ሁለት ጥፋት ሠርተን ነበር። አንደኛው ቆጡ ነው። እንጨቱን የገዛሁት ከአጠና ተራ ነው። ጥሩ ቀጥ ያለ ባሕር ዛፍ ነበር፤ ግን ልጡን ሳልልጥ ነው የመታሁት። የባሕር ዛፍ ልጥ ሲደርቅ ከእንጨቱ ይላቀቅና ከሥሩ ክፍተት ይፈጠራል። ለቅንቅን ከዚህ የተሻለ ቤት ማንም አይሠራለትም።

ሁለተኛው ጥፋት የፋሲካዋ ዶሮ ናት። ለበዓሉ ከገበያ የገዛናትን ዶሮ አምስት ሌሊት ከእኛዎቹ ጋር አሳደርናት። በበዓል ሰሞን ከየአቅጣጫው የመጡ ዶሮዎች እግራቸው ታስሮ እላይ በላይ ተደራርበው የሚሸጡበትን ቦታ ያላየ አዲስ አበቤ የለም። እዚያ ቅማሉም፣ ቁንጫውም፣ ቅንቅኑም ባለቤት ይቀያየራል። በርግጥ ያመጣችው እሷ ትሁን፣ ወይስ ከጣሪያችን ሥር ጎጆ የሠሩት ርግቦች፣ መማል አልችልም፤ የዱር ወፎችም ያመጡታል። አሁን ግን ለወጥ የተገዛች ዶሮ ግቢያችን ውስጥ ብታድርም ለብቻዋ ነው። ለእርባታ የምንገዛት ከሆነች ደግሞ ቢያንስ ሦስት ሳምንት ተለይታ ትቆያለች።

የሌማት ትሩፋት በ2015 ዓ.ም. ከተጀመረ ወዲህ በከተማችን ጠባብ ግቢዎች የዶሮ ኬጅ ማየት የተለመደ ሆኗል። ኬጅ ከብረት ስለሆነ ተባይ አይዘውም የሚሉ ሰዎች ገጥመውኛል። ቅንቅን ብረቱ ከብረቱ በሚጋጠምበት ቦታ፣ በእንቁላል ማንከባለያው ሥር፣ በደረቀ ኩስ ውስጥ ደኅና አድርጎ ይደበቃል። በዚያ ላይ ኬጅ ውስጥ ያለች ዶሮ አፈር ላይ ተንከባልላ ራሷን ማጽዳት አትችልም።

መርዙና ቁርሱ

ችግራችን በሰፈር ሲሰማ ምክሩ ጎረፈ። አንዱ ጎረቤት ማላታይን ላባቸው ላይ እንድነሰንስ፣ ሌላው ለበረሮ የሚነፋውን ቆጡ ላይ እንድነፋ ነገረኝ። ላምባ ወይም ከመኪና የወጣ የተቃጠለ ዘይት ቀቡ ያሉኝም አሉ። ከብት የሚወጋበትን አይቨርሜክቲን በጠብታ ስጧቸው ያለኝ ሰው ደግሞ እንደ ታላቅ ምስጢር ነው በጆሮዬ የነገረኝ። ሁሉም በደግነት ነው። ችግሩ ዶሮዋ የምትቀባው፣ የምትተነፍሰውና የምትውጠው ነገር ወደ እንቁላሉ መግባቱ ነው። እንቁላሉን ደግሞ ጠዋት የሚበሉት ልጆቼ ናቸው። አይቨርሜክቲን እንኳ በብዙ አገሮች እንቁላላቸው ለምግብ ለሚውል ዶሮዎች አልተፈቀደም።

ይህ የድኻ አገር ጉድ ብቻ አይደለም። በ2009 ዓ.ም. ክረምት በኔዘርላንድስና በቤልጅየም የዶሮ እርባታዎች ውስጥ ይህንኑ ቀይ ቅንቅን ለማጥፋት በተረጨ ማጽጃ ውስጥ ፊፕሮኒል የተባለ ኬሚካል ተደባልቆ ተገኘ። ፊፕሮኒል ለውሻና ለድመት ቁንጫና መዥገር የሚውል ነው፤ በአውሮፓ ለምግብ በሚረቡ እንስሳት ላይ መጠቀም ክልክል ነው። ኬሚካሉ እንቁላል ውስጥ ገባ። ሚሊዮኖች እንቁላሎች ከየሱቁ ተለቅመው ተወገዱ፣ እርባታዎች ተዘጉ፣ ጉዳዩም ከ40 በላይ አገሮችን ነካ። መንስኤው እኛ ቆጥ ላይ ያየነው ያው ነጥብ የሚያህል ፍጥረት ነው።

መድኃኒት ጨርሶ አይነካ ማለቴ አይደለም። የእንስሳት ሐኪም ለዶሮ የተፈቀደውን ሊያዝልዎ ይችላል። ያን ጊዜ ግን «እንቁላሉን ለስንት ቀን አንብላ?» ብሎ መጠየቅ የገዢው ድርሻ ነው። ሻጩ መልሱን ካላወቀ መድኃኒቱን ባይገዙት ይሻላል።

እኛ የጀመርነው በፈላ ውሃ ነው። ቅዳሜ ጠዋት ዶሮዎቹን አስወጥተን ሰጋቱራውን እስከ መጨረሻው ጠርገን አቃጠልነው። ቆጡን ነቅዬ ልጡን ላጥሁት፤ ከሥሩ የወጣውን አልነግራችሁም። ሁለት ትልልቅ ድስት ውሃ አፍልተን በየስንጥቁ አፈሰስን፣ በብሩሽ ፈገፈግን፣ እስኪደርቅ በሩን ከፍተን ለፀሐይ ሰጠነው። ስንጥቆቹን በጄሶ ደፈንሁ፤ ግድግዳውን ኖራ ቀባን። ቆጡን ስመልሰው ከግድግዳው ጋር አላገናኘሁትም፤ በአራት እግር አቁሜ እግሮቹን የምግብ ዘይት ያለባቸው የቲማቲም ድልህ ጣሳዎች ውስጥ ከተትኋቸው። በየምሽቱ ከግድግዳ ወደ ቆጥ የሚጓዘው መንገደኛ ዘይቱ ውስጥ ይቀራል።

አንድ ቀን ግን አይበቃም። ከፈላ ውሃ የተረፉት እንቁላሎች በጥቂት ቀናት ይፈለፈላሉ፤ የተፈለፈሉት ለመራባት ከመድረሳቸው በፊት መቅደም ያስፈልጋል። ስለዚህ ሥራውን በየሳምንቱ ሦስት ጊዜ ደጋገምነው። በመካከሉ የተጣጠፈ የካርቶን ቁራጭ ቆጡ ጫፍ ላይ እናስራለን፤ ቅንቅኑ ሊደበቅ ይገባበታል፣ በሦስት በአራት ቀን ፈትተን እሳት ውስጥ እንጥለዋለን። ካርቶን የማቃጠሉን ሥራ ልጄ ለማንም አትሰጥም።

በዚህ ሰበብ ስድስቱንም ዶሮዎች አንድ በአንድ መፈተሽ ስንጀምር፣ ቅንቅኑ ብቻውን እንዳልነበረ አየን። በሁለቱ ጅራት ሥር፣ የላባው ግንድ ላይ፣ የተጠቀጠቀ ጨው የመሰለ ነጭ ነገር ነበር፤ የቅማል እንቁላል ነው። የዶሮ ቅማል እንደ ቅንቅን ቤት ውስጥ አይደበቅም፤ ልደቱም ሞቱም ዶሮዋ ላይ ነው፤ ቀን በቀንም ይታያል። ሰው ላይ ስለማይኖር ልጆች ዶሮ አቀፉ ብሎ መደንገጥ አያስፈልግም። ለዚህ የሚረዳው እናቶቻችን የሚያውቁት ነው፤ ዝናብ በማያገኘው ጥግ በአሮጌ ጎማ ውስጥ ደረቅ አፈርና የተነፋ የከሰል አመድ ደባልቀን አኖርንላቸው፣ ቀኑን ሙሉ ተንከባለሉበት። አመዱ ግን መድረቅ አለበት፤ ሲርስ ቆዳ ያቃጥላል። ቅማሉ ከበዛ ሐኪም የሚያዘው ዱቄት አለ፤ እሱም ከሰባት እስከ አሥር ቀን ባለው ጊዜ ይደገማል፤ እንቁላሉን አይገድልምና።

የአንዷ እግር ደግሞ ቅርፊቱ ተነስቶ እንደ አሮጌ ቆርቆሮ ሻካራ ሆኖ ነበር። እኔ እርጅና መስሎኝ አልፌዋለሁ። ቅርፊቱን ሰርስሮ ከሥሩ የሚኖር ሌላ ዓይነት ቅንቅን ነው፤ ካልታከመ ዶሮዋን ያሽመደምዳታል። በለብታ ውሃና በሳሙና አርጥቦ፣ በለስላሳ ብሩሽ አጥቦ፣ አድርቆ ቫዝሊን መቀባት ነው፤ ቅርፊቱ እስኪታደስ ወራት ስለሚፈጅ ትዕግሥት ይጠይቃል። ቅርፊቱን በጥፍር መላጥ ግን ያደማታል። በዓይንና በአናት ዙሪያ እንደ ጥቁር ሰሊጥ ተጣብቆ የሚቀር ቁንጫም አለ፤ እኛ ጋ አልነበረም። ለእሱም ቫዝሊን ይሠራል፤ ውሻና ድመት ላይ ስለሚሸጋገር እነሱንም ማየት ያስፈልጋል።

የሆድ ውስጡ ጥገኛ ራሱን የቻለ ጉዳይ ስለሆነ ባጭሩ ልለፈው። እ.ኤ.አ. በ2001 በታተመ ጥናት በአማራ ክልል አራት ወረዳዎች ከተመረመሩ 267 ልቅ ዶሮዎች ከመቶ 90 በላይ የሚሆኑት የሆድ ትል ነበረባቸው። አፈር የምትጭርና ጉንዳንና ጥንዚዛ የምትለቅም ዶሮ ወስፋትና ኮሶ አያጣትም ማለት ነው። እየበላች የምትከሳ ዶሮ ካለችዎ ኩሷን ወስደው ያስመርምሩ። ጫጩት ያላቸው ሰዎች በክረምት ሊፈሩት የሚገባው ግን ኮክሲዲዮሲስ ነው፤ እርጥብ ጉዝጓዝ ላይ ይጎለምሳል። ኩስ ውስጥ ደም ካዩ በዚያው ቀን ሐኪም ጋ ይሂዱ፤ ነገ ብሎ ነገር የለውም። ጉዝጓዙን ግን ከዛሬ ጀምሮ በደረቅ ሰጋቱራ መቀየር ይችላሉ።

ከዚያ ቅዳሜ ወዲህ ሁለት ወር አልፏል። የስድስቱም አናት ወደ ቀድሞው ቅላቱ ተመልሷል፤ እንቁላሉ አራት ደርሷል፣ አንዳንድ ቀን አምስት። አማቴ ባለፈው እሑድ መጥተው የተጠበሰ እንቁላል ሲበሉ ስለ ፈንግሉ ምንም አላነሱም፤ እኛም አላስታወስናቸውም። ማታ ማታ ሲመሽ ዶሮዎቹ ራሳቸው ይገባሉ።

ትናንት ከእራት በኋላ ልጄ ሶፍቱን ይዛ እኔ ባትሪውን ይዤ ገባን። ቆጡን ከዳር እስከ ዳር አበሰችውና ሶፍቱን ወደ ብርሃኑ አስጠጋችው። አንዲት ቀይ ነጥብ ብቻ። «ቅዳሜ ውሃ እንጣድ?» አለችኝ። ድስቶቹን ከአሁኑ አጥበን አስቀምጠናል።