ሕፃናት ስለሚነዱት የባትሪ መኪና

በከተማ ለሚያድጉ ሕፃናት ከሚገዙት መጫወቻዎች መካከል፥ ልጁ ራሱ ተቀምጦ የሚነዳው ትንሽ የባትሪ መኪና ዛሬ እንግዳ ነገር መሆኑ ቀርቷል። አንዳንዱ ከገበያ ይገዛል፤ አንዳንዱም ከባሕር ማዶ ካለ አጎት ወይም አክስት ለልደት ቀን ይላካል። ልጁ ይደሰታል፤ ጎረቤት ይሰበሰባል፤ አባት ፎቶግራፍ ያነሣል። ዕቃው በምን እንደሚሠራ፥ በምን እንደሚበላሽ፥ የትኛውን ልጅ እንደሚጎዳና ለየትኛውም ከመጫወቻ የበለጠ ነገር እንደሚሆን ለወላጆች የሚነግራቸው ሰው ግን ጥቂት ነው። ስለዚህ ጉዳይ የምናውቀውን ለአንባቢዎቻችን ልንገልጽ ወደድን።

በመጀመሪያ ነገሩ የትናንት ፈጠራ የሚመስለው ሰው ቢኖር፥ አይደለም። በኢጣልያ ተወልዶ በፈረንሳይ አገር፥ በአልዛስ፥ ሞልሳይም በምትባል ከተማ የእሽቅድምድም መኪና ይሠራ የነበረው ኤቶሬ ቡጋቲ፥ ሮላንድ ለተባለው ትንሽ ልጁ ታይፕ 35 የተባለውን ስመ ጥር መኪናውን በግማሽ አሳንሶ ሠራለት። ይህች ትንሽ መኪና ቤንዚን አትጠጣም ነበር፤ የምትሄደው በ12 ቮልት ባትሪ በሚዞር የኤሌክትሪክ ሞተር ነበር። እንደ አውሮጳ አቆጣጠር በ1927 ዓ.ም. በሚላኖ የመኪና ትርኢት ላይ ቀረበች፤ ባለጠጎች ደንበኞችም ለልጆቻቸው ስለ ፈለጓት ታይፕ 52 ተብላ ለሽያጭ ተሠራች። በጠቅላላው ከ500 እንደማይበልጡ ይገመታል። ይህ የጥቂቶች ቅንጦት ወደ ብዙ ቤት የገባው ከግማሽ ምዕት ዓመት በላይ ቆይቶ፥ አካሉን ከብረት ይልቅ በፕላስቲክ መሥራት በተቻለ ጊዜ ነው። በአሜሪካ ፓወር ዊልስ የተባሉት መኪናዎች በ1980ዎቹ ዓመታት ስማቸው ገነነ፤ የሌሎች አገሮች ፋብሪካዎችም ተከተሉ።

የመኪናው አሠራር ለሚያስተውል ሰው ቀላል ነው። ከመቀመጫው በታች ወይም በኮፈኑ ውስጥ ባትሪ አለ፤ በኋላ ጎማዎች አጠገብ አንድ ወይም ሁለት ትንንሽ ሞተሮች አሉ። ሞተሩ እጅግ ፈጥኖ ስለሚዞር፥ በመካከል የገቡት ጥርሳም ጎማዎች ፍጥነቱን ቀንሰው ጉልበት ይጨምሩለታል። ልጁ በእግሩ የሚረግጠው ፔዳል በአብዛኞቹ ላይ እንደ ትልቁ መኪና ኃይልን ቀስ በቀስ የሚጨምር አይደለም፤ እንደ መብራት ማብሪያና ማጥፊያ ነው። ሲረገጥ ይሄዳል፥ ሲለቀቅ ይቆማል። በደንብ በተሠሩት ላይ ፔዳሉ ሲለቀቅ የሞተሩ ሁለት ሽቦዎች እርስ በርሳቸው ይገናኛሉ፤ በዚህ ጊዜ መኪናው እየሄደ የሚያዞረው ሞተር ራሱ ኤሌክትሪክ አመንጪ ሆኖ መዞሩን ይቃወማል። ፍሬኑ ይኸው ነው።

ሁለት ሞተር ባላቸው ላይ ሁለት ዓይነት ፍጥነት የሚገኝበት መንገድም ደስ የሚል ነው። በዝቅተኛው ፍጥነት ሁለቱ ሞተሮች ተከታትለው በአንድ መስመር ስለሚታሰሩ 12ቱን ቮልት ይካፈሉታል፤ ለእያንዳንዱ 6 ይደርሰዋል። በከፍተኛው ግን ጎን ለጎን ስለሚታሰሩ እያንዳንዱ ሙሉውን 12 ያገኛል። አንዱን እንጀራ ለሁለት ቆርሶ እንደ መስጠትና ለየራሳቸው አንዳንድ እንጀራ እንደ መስጠት ነው። በሰሌዳ ላይ ስንት ጊዜ ሥለን ያላስጨበጥናቸው ተማሪዎች፥ የተሰበረ መጫወቻ ፈትተን ብናሳያቸው በአንድ ሰዓት ይረዱት ነበር ብለን እናምናለን።

ባለ 6 ቮልቱ ለታናናሾቹ ሲሆን በሰዓት ከ3 እስከ 4 ኪሎ ሜትር ያህል ይሄዳል፤ ይህም ሰው በርጋታ ሲራመድ የሚሄደው ነው። ባለ 12ቱ በከፍተኛው ፍጥነት እስከ 8 ኪሎ ሜትር ይደርሳል፤ ይህን ለመያዝ እናት መሮጥ አለባት። ስለዚህ በአንዳንዶቹ መኪናዎች ላይ ከፍተኛውን ፍጥነት የሚከለክል ብሎን ፋብሪካው አስሮ ይልካል፤ ልጁ ሳይለምድ አባት ያንን ብሎን እንዳይፈታ እንመክራለን። ጎረቤት ለማስደነቅ ሲባል በመጀመሪያው ቀን የሚፈቱ አባቶች አሉና።

ባትሪውን በሚመለከት ቃላችንን ማርዘም ይገባናል፤ ጉዳትም ክስረትም የሚመጣው ከዚህ ነው። አብዛኛውን ጊዜ ባትሪው እንደ ትልቁ መኪና ባትሪ ከእርሳስ ማዕድንና ከሰልፈሪክ አሲድ የተሠራ ነው፤ የሚለየው ታሽጎ በመሠራቱ ነው። እያንዳንዱ ክፍል 2 ቮልት ያህል ስለሚሰጥ፥ ባለ 6 ቮልቱ ሦስት፥ ባለ 12ቱ ስድስት ክፍል አለው። ይህ ዓይነት ባትሪ ባዶውን መቀመጥ አይወድም። ኃይሉን ጨርሶ ሲቀመጥ በእርሳሱ ላይ ጠንካራ ጨው ይጋገርበታል፤ የተጋገረውም ሲቆይ አይለቅም። በሰኔ ዝናብ ጀመረ ተብሎ ዕቃ ቤት የተጣለ መኪና፥ መስከረም ሲጠባ የማይነሣበት ምክንያት ይህ ነው እንጂ፥ ብዙዎች እንደሚሉት የዕቃው መናኛነት ብቻ አይደለም። ባይነዳም እንኳ በወር አንድ ጊዜ ቻርጅ ሊደረግ ይገባል። ከታወቁት ፋብሪካዎች አንዱ ለእርሳስ ባትሪዎቹ የሚሰጠው መመሪያ፥ ከመጀመሪያው መንዳት በፊት 18 ሰዓት፥ ከዚያ በኋላ በየጊዜው 14 ሰዓት ያህል፥ ከ30 ሰዓት በላይ ግን ፈጽሞ እንዳይሞላ የሚል ነው። በሊቲየም የሚሠሩት ሌላ ሥርዓት ስላላቸው የራሳቸውን መመሪያ መከተል ያስፈልጋል።

የእርሳስ ባትሪ በሚሞላበት ጊዜ፥ ይልቁንም ከልክ ሲያልፍ፥ ሃይድሮጅን የተባለ በቀላሉ የሚቀጣጠል ጋዝ ያወጣል። ስለዚህ ነፋስ በሚገባበት ስፍራ ይሞላ እንጂ በአልጋ ሥር፥ ቡና በሚፈላበት የከሰል ምድጃ አጠገብ፥ ዕጣን በሚጨስበት ጓዳ አይሞላ።

ከአሜሪካ የተላከ መጫወቻ ያላቸው ቤተ ሰቦች ደግሞ አንድ ነገር ያስተውሉ። የአሜሪካ ቤቶች ኤሌክትሪክ 120 ቮልት ነው፤ የእኛ 220 ነው። በቻርጀሩ ጀርባ በደቃቅ ፊደል «ኢንፑት» ከሚለው ቃል ቀጥሎ 120 ብቻ ተጽፎ እንደ ሆነ፥ በአገራችን ሶኬት ላይ የተሰካ ዕለት ይቃጠላል፤ ምናልባትም ቤቱን ይዞ። ከ100 እስከ 240 የሚል ከተጻፈበት ግን ለሁለቱም ይሆናል። ያላነበበ አባት የዘመዱን ስጦታ በአንድ ደቂቃ ያጠፋል፤ ያነበበው ቮልቱ የሚስማማ ቻርጀር ገዝቶ ይገላገላል።

እሳቱን ለማስፈራሪያ አላነሣነውም። እንደ አውሮጳ አቆጣጠር በ1998 ዓ.ም. በአሜሪካ እስከ 10 ሚሊዮን የሚደርሱ የፓወር ዊልስ መኪናዎች ለጥገና እንዲጠሩ ተደርጓል፤ ምክንያቱም የኤሌክትሪክ ክፍሎቻቸው ከመጠን በላይ እየጋሉ 150 ያህል የእሳት አደጋ መነሣቱ በመነገሩ ነው። ዘጠኝ ልጆች ቀላል ቃጠሎ ደርሶባቸዋል። ፋብሪካው ነገሩን በጊዜው ለመንግሥት አላስታወቀም ተብሎ በ2001 ዓ.ም. 1.1 ሚሊዮን ዶላር ከፍሏል። ይህን ያህል ሀብትና ሕግ ባለበት አገር ይህ ከሆነ፥ የፋብሪካ ስም እንኳ ሳይጻፍበት የሚሸጠውን ዕቃ ስንገዛ ሽቦውን ማየት ይገባናል። ይልቁንም ፊውዝ በተቃጠለ ጊዜ በምትኩ የሽቦ ቁራጭ ማሰር የሰፈራችን ጠጋኞች የለመዱት ክፉ ልማድ ነው። ፊውዙ የሚቃጠለው ልጁ ከባድ ጭኖ ዳገት ሲወጣ፥ ወይም ጎማው በጭቃ ተይዞ ሞተሩ መዞር ሲያቅተው ብዙ ኃይል ስለሚስብ ነው፤ የተቃጠለውም ሌላው እንዳይቃጠል ነው።

ስለሚነዳበት ስፍራ በአጭሩ እንናገር። ልጁ ከመሬት ብዙም ከፍ ስለማይል፥ ወደ ኋላ የሚመለስ የእውነተኛ መኪና ነጂ አያየውም። ስለዚህ መንገድና መኪና የሚቆምበት ግቢ አይሆንም። ክፍት ቦይ፥ ደረጃና የውሃ ጉድጓድ ያለበትም አይሆንም።

አንዳንድ አባቶች፥ «እኛ በሽቦ መኪና ነው ያደግን፤ ይህ ልጅን ያሰንፋል» ይላሉ። በከፊል እውነታቸውን ነው። ልጁ ሽቦውን ሲያጣምም፥ ከቆርኪ ጎማ ሲያበጅ እጁ ይማራል፤ ሲገፋው ሲሮጥ እግሩ ይጠነክራል። የባትሪው መኪና ይህን ሁለቱን አይሰጥም። በግቢ ውስጥም ባለ መኪናው ሲነዳ አራት ልጆች ከኋላ ሲገፉ እናያለን፤ በጨዋታው ብዙ የሚጠቀሙት የሚገፉት ናቸው። እንግዲህ ሮጦ መጫወት ለሚችል ልጅ ይህ ዕቃ የጥቂት ወራት ደስታ ነው፤ ያልተገዛለት ልጅ ምንም አልጎደለበትም።

መሮጥ ለማይችለው ልጅ ግን ነገሩ ሌላ ነው። በማስተማር ዘመናችን፥ ስምንት ዓመት ሞልቶት በእናቱ ጀርባ ታዝሎ ወደ ትምህርት ቤት የሚመጣ ልጅ አይተናል። አእምሮው ብሩህ ነበረ፤ ዳሩ ግን ወዴት እንደሚሄድ ራሱ መርጦ አያውቅም። ሌሎቹ ወፍ ተከትለው ሲሮጡ እርሱ የሚያየው እናቱ ያዞረችውን አቅጣጫ ነው። ወደ ትምህርት ቤት ያልመጡት፥ የሰው ዐይን ፈርተው ወላጆቻቸው በጓዳ ያስቀመጧቸው ደግሞ ከዚህ ይብሳሉ።

በአሜሪካ፥ በዴላዌር ዩኒቨርሲቲ የአካል ሕክምና መምህር የነበሩት ኮል ጋሎዌይ የተነሡት ከዚህ ችግር ነው። ሕፃን መዳህ ሲጀምር የሚለወጠው ጉልበቱ ብቻ አይደለም፤ ነገርን ማስተዋሉ፥ ከሰው ጋር መግባባቱም አብሮ ያድጋል። እንግዲያስ መዳህ የማይችለው ሕፃን ይህንንም ይነፈጋል ማለት ነው። ሱኒል አግራዋል ከተባሉ መሐንዲስ ጋር ሆነው ሕፃናት በእጃቸው የሚነዱት ሮቦት ሠሩ፤ የሰባት ወር ሕፃናትም ነዱት። ነገር ግን ሮቦቱ ከባድና ውድ ሆነ። በሞተር የሚሄድ የአካለ ስንኩላን ወንበርም በብዙ ሺህ ዶላር የሚገዛ ሲሆን፥ ለታናናሽ ሕፃናት እምብዛም አይሰጥም። ስለዚህ እንደ አውሮጳ አቆጣጠር በ2012 ዓ.ም. ፊታቸውን ወደ መጫወቻ መደብር መለሱ። በጥቂት መቶ ዶላር የሚገዛውን የባትሪ መኪና ወስደው፥ ለእግር የተሠራውን ማብሪያ ነቅለው በመሪው ላይ በመዳፍ የሚጫኑት ትልቅ ቁልፍ አደረጉለት። ራሱን ማቃናት ለማይችለው ሕፃን ከፕላስቲክ የውሃ ቧንቧና ከመዋኛ ስፖንጅ መደገፊያ አበጁለት። ሥራውን ጎ ቤቢ ጎ ብለው ሰየሙት፤ አሠራሩንም ለማንም ወላጅ በነጻ አስተማሩ። ዛሬ በልዩ ልዩ አገሮች የሚሠሩበት ሰዎች አሉ።

ይህን ሥራ በአገራችን ጠንቃቃ የኤሌክትሪክ ሠራተኛ ሊሠራው ይችላል። ከፔዳሉ የሚመጡትን ሁለት ሽቦዎች አስረዝሞ ከቁልፉ ጋር ማገናኘት ነው፤ ፊውዙ ግን በቦታው ይቆያል። ቁልፉ ልጁ በተሻለ ሁኔታ በሚያዝዘው እጅ በኩል ይሁን። ወገቡንና ደረቱን የሚይዝ ቀበቶ ይኑረው፤ የመደገፊያውንም ልክ ፊዚዮቴራፒስት ቢያይለት መልካም ነው። ጋሎዌይና ባልደረቦቻቸው ከሠሯቸው መኪናዎች አንዱ በተለይ አስደንቆናል፤ ማብሪያው በመቀመጫው ውስጥ ነው፤ ልጁ ሲቀመጥ መኪናው ይቆማል፥ መሪውን ይዞ ሲቆም ይሄዳል። እግሩ የደከመ ልጅ መሄድ ስለሚወድ፥ ማንም ሳያዘው ደጋግሞ ይነሣል። መጀመሪያ የሚነሣው ለጥቂት ሰከንድ ነው። ፍጥነቱ ዝቅተኛው ይሁን፤ መሬቱም ደልዳላ፤ እናቱም ከፊት ለፊቱ ጥቂት እርምጃ ርቃ ትቁምና በስሙ ትጥራው።