ፖሊስ የማን ነው? ፖሊስስ ከማን ነፃ ነው? የፌዴራልና የክልል የፖሊስ ሥልጣን ከምዕራብ ሐረርጌ ሲታይ



በዚህ ርእስ በጭሮ መነጋገራችን ተገቢ ነው። ይህች ከተማ አሰበ ተፈሪ ትባል በነበረበት ዘመን ጨርጨርን ያስተዳደሩት ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም፣ በ1923 ዓ.ም. የታወጀውን የመጀመሪያውን የኢትዮጵያ የጽሑፍ ሕገ መንግሥት ያረቀቁ ሰው ናቸው። በዚያ ሰነድ ሥልጣን ሁሉ ከአንድ ዙፋን ይመነጭ ነበር። በ1934 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 6 የተቋቋመው ዘመናዊ ፖሊስም ከአንድ ማዕከል የሚታዘዝ ሆኖ ተደራጀ።

ኅዳር 29 ቀን 1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት ግን ይህን አሠራር ለወጠው። በአንቀጽ 51 ንዑስ አንቀጽ 6 የፌዴራል ፖሊስን ማደራጀትና መምራት ለፌዴራሉ መንግሥት ሲሰጥ፣ በአንቀጽ 52 ንዑስ አንቀጽ 2 (ሰ) ደግሞ የክልል ፖሊስን ማደራጀትና የክልሉን ሰላም መጠበቅ ለክልሎች ሰጠ። የሁለቱ ፖሊሶች ግንኙነት የአለቃና የምንዝር አይደለም፤ እያንዳንዱ ሥልጣኑን በቀጥታ ከሕገ መንግሥቱ ያገኛል።

ይህ በወረቀት ላይ ግልጽ ነው። ከአዋሽ ተነስቶ በሚኤሶ፣ በጭሮና በሂርና አድርጎ ወደ ድሬዳዋ በሚያልፈው መንገድ ላይ ግን እንዲህ ግልጽ አይደለም። በገለምሶ ገበያ ሁለት ሰዎች ተጣልተው አንዱ ቢቆስል፣ ጉዳዩ የኦሮሚያ ፖሊስ ነው። በዚያው ዕለት በዋናው መንገድ ላይ የኮንትሮባንድ ዕቃ የጫነ መኪና ቢያዝ፣ ወንጀሉ በፌዴራል የጉምሩክ ሕግ ይታያል። በሚኤሶ የሚያልፈው የኢትዮ-ጂቡቲ የባቡር መስመርም የፌዴራል መንግሥት ንብረት ነው። ድሬዳዋ ስንደርስ ደግሞ ከተማዋ ተጠሪነቷ ለፌዴራል መንግሥት ስለሆነ የሥልጣኑ መሠረት ይለወጣል። በ2004 ዓ.ም. የወጣው የፌዴራል ፖሊስ ኮሚሽን አዋጅ ቁጥር 720 የፌዴራል ፖሊስ ሥልጣኑን ለክልል ፖሊስ በውክልና እንዲሰጥ ስለሚፈቅድ፣ አንድ የክልል መርማሪ ጠዋት በክልሉ ስም፣ ከሰዓት በኋላ በፌዴራሉ ስም ሊሠራ ይችላል።

ለሕግ ባለሙያው ይህ የሥልጣን ክፍፍል ጥያቄ ነው። ልጇ ተይዞባት ስንቅ ይዛ ከጣቢያ ጣቢያ ለምትንከራተት እናት ግን ሌላ ነገር ነው። አንዱ ጣቢያ «የያዙት ፌዴራሎች ናቸው» ይላታል፤ ሌላው «እኛ ዘንድ የለም፣ ክልሉን ጠይቂ» ይላታል። ሁለት ባለሥልጣን ባለበት ስፍራ ሁለት ተጠያቂ ይኖራል ብለን ተስፋ እናደርጋለን፤ ብዙ ጊዜ ግን አንድም አይገኝም።

ክፍፍሉ ክፉኛ የተፈተነው በወሰን ጉዳይ ነው። የሚኤሶ አካባቢ የኦሮሚያና የሶማሌ ክልሎች የይገባኛል ጥያቄ ያነሱበት ነው፤ በጥቅምት 1997 ዓ.ም. የተካሄደው ሕዝበ ውሳኔም ውዝግቡን አልዘጋውም። በ2009 እና በ2010 ዓ.ም. ግጭቱ ሲባባስ የሁለቱ ክልሎች ባለሥልጣናት አንዱ የሌላውን የታጠቀ ኃይል ከሰሰ፤ በመቶ ሺህዎች የሚቆጠር ሕዝብም ተፈናቀለ። ሕገ መንግሥቱ ለክልሎች የፈቀደው ፖሊስን ነው። በተግባር ግን በፖሊስና በሠራዊት መካከል የቆመ «ልዩ ኃይል» ተፈጠረ። የፌዴራሉ መንግሥት በመጋቢት 2015 ዓ.ም. መጨረሻ እነዚህ ኃይሎች ፈርሰው ወደ መከላከያ፣ ወደ ፌዴራል ፖሊስና ወደ ክልል ፖሊስ እንዲገቡ መወሰኑን አስታወቀ።

የክልሉ አቅም ሲያንስስ? በአንቀጽ 51 ንዑስ አንቀጽ 14 መሠረት የመከላከያ ኃይል የሚሰማራው በክልሉ መስተዳድር ጥያቄ ነው። ክልሉ ራሱ ሕገ መንግሥታዊ ሥርዓቱን አደጋ ላይ ከጣለ ደግሞ በአንቀጽ 62 ንዑስ አንቀጽ 9 የፌዴሬሽን ምክር ቤት ጣልቃ ገብነትን ያዛል፤ አፈጻጸሙም በአዋጅ ቁጥር 359/1995 ተዘርዝሯል። ይህን ሥርዓት መከተል ከንቱ ወግ አይደለም፤ ማን እንደጠራና ማን እንዳዘዘ በጽሑፍ ካልታወቀ፣ ኋላ ለደረሰው ጉዳት የሚጠየቅ አይኖርም።

አሁን ወደ ሁለተኛው ጥያቄ ልለፍ። ብዙዎቻችን «የማን ነው?» የሚለው ሲመለስ «ነፃ ነውን?» የሚለውም የተመለሰ ይመስለናል። ፖሊስን ከማዕከል ወደ ክልል ማዛወር የሚያዘውን እጅ ይለውጣል እንጂ ፖሊስን ነፃ አያደርገውም። የፖሊስ ነፃነት ማለትም አለቃ አልባ መሆን አይደለም። የተመረጠ አስተዳደር በጀትንና ቅድሚያ የሚሰጣቸውን ሥራዎች ሊወስን ይገባል። «እገሌን ያዝ፣ እገሌን ልቀቅ» ማለት ግን አይገባውም፤ ያ የሕግና የማስረጃ ጉዳይ ነው። የእኛ ሕጎች ፖሊስ ለማን ተጠሪ እንደሆነ በዝርዝር ሲናገሩ፣ ተጠሪነቱ የት ላይ እንደሚያበቃ በመናገር ረገድ ይቆጠባሉ።

ከሌሎችም እንማራለን። ናይጄሪያ ፌዴሬሽን ብትሆንም ፖሊሷን በማዕከል አስቀርታለች፤ የክልል ገዥዎቿም ለጸጥታው ይጠየቃሉ እንጂ ፖሊሱን አያዙም። በሕንድ ፖሊስ የክልሎች ነው፤ ያም ሆኖ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ2006 እ.ኤ.አ. የፖሊስ አዛዦች ቢያንስ ሁለት ዓመት በሹመታቸው እንዲቆዩና አቤቱታ ሰሚ አካል እንዲቋቋም ለማዘዝ ተገድዷል። አንዱም መንገድ ብቻውን መድኃኒት አልሆነም።

ስለዚህ የምንይዘው መለኪያ ቀላል ይሁን። በአንቀጽ 19 መሠረት የተያዘ ሰው፣ ለጉዞ የሚያስፈልገው ምክንያታዊ ጊዜ ሳይቆጠር፣ በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት መቅረብ አለበት፤ በአንቀጽ 21 ደግሞ ቤተሰቡና ጠበቃው ሊጎበኙት ይችላሉ። እነዚህ አንቀጾች «ፌዴራል» ወይም «ክልል» ብለው አይለዩም። የመለያው ቀለም ምንም ይሁን፣ ግዴታው አንድ ነው። ስንቋን ይዛ የቆመችው እናት የሥልጣን ክፍፍል ትንታኔ እንድትሰማ አይጠበቅባትም። ልጇ የት እንዳለ፣ ማን እንደያዘውና መቼ ዳኛ ፊት እንደሚቀርብ የሚነግራት አንድ ጣቢያ ሊኖር ይገባል። እናንተ የነገ ዳኞች፣ ዐቃብያነ ሕግና ጠበቆች ይህን ጥያቄ ሳትሰለቹ እንድትጠይቁ አደራ እላለሁ።