ተጨማሪ መረጃ፦ በኮረም የነበረው የጦር ሜዳ ሆስፒታል

የኢትዮጵያ ቀይ መስቀል ማኅበር የተመሠረተው ሐምሌ 1 ቀን 1927 ዓ.ም.፣ ጣሊያን ኢትዮጵያን የወረረችበት ጦርነት ሊጀመር ጥቂት ወራት ሲቀሩት ነው። የኢትዮጵያ ሠራዊት ይህ ነው የሚባል የሕክምና ክፍል ስላልነበረው የውጭ አገር የቀይ መስቀል ቡድኖች ወደ ግንባር ዘመቱ። በዶክተር ጆን ሜሊ የሚመራው የእንግሊዝ ቡድን ድንኳኑን የተከለው ከላስታ ተራሮች በስተ ምሥራቅ፣ በኮረም አቅራቢያ ነበር።

ቁስለኛው በቃሬዛ፣ በበቅሎ ወይም በእግሩ እየተጎተተ ይደርስ ነበር። ከሁሉ የከፋው ጣሊያን የተጠቀመችበት የሰናፍጭ ጋዝ ጉዳት ነበር። ፈሳሹ ሣርና ቅጠል ላይ ስለሚቀር በባዶ እግሩ የሚሄደው ወታደር እግሩ ይቃጠላል፤ ዓይንና ሳንባም ይጎዳል። ማርከሻ መድኃኒት የለውም። ሐኪሞቹ የተበከለውን ልብስ ከማውለቅ፣ ገላን ከማጠብና ቁስሉን በፋሻ ከመሸፈን ሌላ ብዙ ማድረግ አልቻሉም።

የካቲት 25 ቀን 1928 ዓ.ም. የጣሊያን አውሮፕላኖች ይህንኑ ሆስፒታል ደበደቡ፤ የተኙ ሕሙማንም ተገደሉ። የቀይ መስቀል ምልክቱ ከአየር ላይ በግልጽ ይታይ ስለነበር ድርጊቱ የ1929 እ.ኤ.አ. የጄኔቫ ስምምነትን የጣሰ ወንጀል ነው። ቀደም ሲል በታኅሣሥ 20 በደቡብ ግንባር መልካ ዲዳ የነበረው የስዊድን ሆስፒታልም ተመሳሳይ ጥቃት ደርሶበታል።

የኢትዮጵያ ጦር በማይጨው ከተሸነፈ በኋላ ዶክተር ሜሊ በአዲስ አበባ በተነሣው ዘረፋ መካከል ቁስለኞችን ሲሰበስብ በጥይት ተመትቶ ሚያዝያ 27 ቀን 1928 ዓ.ም. ሞተ። ያን ዕለት የጣሊያን ጦር ከተማዋን ያዘ።