ፎቶ ሲዞር ጥራቱ ይቀንሳል?

በዊንዶውስ ኤክስፒ ዘመን ፎቶ ያዞር የነበረ ሰው አንድ ማስጠንቀቂያ ሳያስታውስ አይቀርም፤ ይህን ፎቶ ማዞር ጥራቱን ለዘለቄታው ሊቀንሰው ይችላል የሚል። ደንግጦ የተወው ብዙ ነው። ማስጠንቀቂያው ውሸት አልነበረም፤ ግን ሁሉንም ፎቶ አይመለከትም፣ የሚመለከተውንም ቢሆን ጉዳቱን በዓይን መለየት ይቸግራል።

ጉዳዩን የሚወስነው ፕሮግራሙ ፎቶውን ያዞረበት መንገድ ነው። ስልክ አቁመው ሲያነሱ ሴንሰሩ ምስሉን አብዛኛውን ጊዜ በጎኑ ይመዘግብና ኤግዚፍ በሚባለው የፋይሉ ክፍል ውስጥ የአቅጣጫ ቁጥር ይጻፋል። ቁጥሩ 6 ከሆነ፣ ሲታይ 90 ዲግሪ ወደ ቀኝ ይዙር ማለት ነው። ብዙ ጋለሪዎች ፎቶ ሲያዞሩ የሚቀይሩት ይህችኑ ቁጥር ብቻ ነው። ሺህ ጊዜ ቢያዞሩት አንድ ፒክስል አይነካም። ጣጣው ቁጥሩን የማያነብ ፕሮግራም ሲያጋጥም ነው፤ ስልክ ላይ ቀጥ ብሎ የቆመው ሰው ኢንተርኔት ካፌ ኮምፒውተር ላይ ተጋድሞ የሚገኘው ለዚህ ነው።

ፒክስሎቹ ራሳቸው ሲዞሩስ? ጄፔግ ፎቶውን 8 በ8 ፒክስል በሆኑ ካሬዎች ይከፋፍልና በየካሬው ውስጥ ዓይን ብዙም የማያስተውለውን ዝርዝር ይጥላል። የተጣለው አይመለስም። በ90 ዲግሪ ሲዞር ግን ካሬዎቹን ሳይፈቱ ማዛወር ይቻላል፤ የወለል ሴራሚክ ሳይሰበር ተነቅሎ አቅጣጫውን ቀይሮ እንደሚነጠፈው ማለት ነው። ጄፔግትራን የተባለው ነፃ ፕሮግራም የሚያዞረው በዚህ መንገድ ነው።

ችግር የሚመጣው ጠርዙ ላይ ካሬው ሳይሞላ ሲቀር ነው። አብዛኞቹ የስልክ ፎቶዎች የቀለም መረጃቸው ስለሚቀነስ መለኪያው በተግባር 16 ፒክስል ይሆናል። 4032 በ3024 የሆነ ፎቶ በሁለቱም ጎን ለ16 እኩል ይካፈላል፤ ያለ ኪሳራ ይዞራል። 4000 በ3000 ሲሆን ግን 3000 ለ16 ተካፍሎ 8 ይተርፋል። ፕሮግራሙ ትርፏን ይቆርጣታል፣ አለዚያም ፎቶውን በሙሉ ፈትቶ እንደገና ይጨምቀዋል። ኤክስፒን ያስፈራው ይህ ሁለተኛው ነበር።

በከፍተኛ ጥራት አንዴ እንደገና መጨመቅ የሚታይ ለውጥ አያመጣም። ዝቅ ባለ ጥራት ደጋግሞ ሴቭ ማድረግ ግን ይታያል፤ ሰማይ ላይ በተዘረጋ የመብራት ሽቦ ወይም በሱቅ ታፔላ ፊደላት ዙሪያ ዙም ቢያደርጉ ብናኝ መሰል ነጠብጣብ ያገኛሉ። ጋለሪዎ የትኛውን እንደሚያደርግ ለማወቅ ከማዞርዎ በፊትና በኋላ የፋይሉን መጠን ያስተያዩ። ከ4 ሜጋባይት ወደ 2 ከወረደ እንደገና ጨምቆታል። ፒኤንጂ ፋይል ከሆነ በ90 ዲግሪ ሲዞር ምንም አይጎድልበትም።

የተንጋደደ ፎቶ ማቃናት ግን ሌላ ነገር ነው፤ ለእኔ ዋናው ኪሳራ እዚህ ነው። ምስሉ 2 ዲግሪ ሲዞር አዲሶቹ ፒክስሎች በአሮጌዎቹ መካከል ስለሚወድቁ ፕሮግራሙ ከጎረቤቶቻቸው እያማከለ ይሞላቸዋል። የነጠላ ጥለትና የሹሩባ ፈትል ትንሽ ደብዘዝ ይላሉ። አራቱ ማዕዘኖችም ባዶ ስለሚሆኑ ጠርዙ ይቆረጣል፤ 4032 በ3024 የነበረው ፎቶ ምጣኔውን እንደጠበቀ ከተቆረጠ ከ100 ፒክስል ወደ 9 የሚጠጋው ይሄዳል። ወደ ነበረበት መልሶ ማዘንበል ድብዛዜውን ያባብሰዋል እንጂ አያስተካክለውም። ስለዚህ ትክክለኛውን ማዘንበያ ሳያገኙ ሴቭ አያድርጉ፤ ካልተስማማዎትም የታረመውን እንደገና ከማረም ከዋናው ቅጂ ይጀምሩ።

ስለ ጥራት ከተጨነቁ አይቀር፣ ከማዞር ይልቅ አላላክ ያሳስባል። ቴሌግራም እንደ ፎቶ የተላከን ምስል አብዛኛውን ጊዜ ያሳንሰዋል፤ 4032 በ3024 የነበረው 1280 በ960 ሆኖ ሲደርስ ከ12 ሚሊዮን ፒክስል የሚተርፈው 1.2 ሚሊዮን ነው። ለማሳተም የሚፈልጉትን ፎቶ እንደ ፋይል ይላኩት፤ ሳይነካ ይደርሳል።