መዳብ ነው ወይስ የተቀባ? የስፒከር ገመድ በሚዛን

ሰሊጥና ማሾውን ማታ እንመለስበታለን፤ አሁን ስለ መዳብ ላውራ።

ከመርሳ አንድ ደንበኛችን ለቤቱ የስፒከር ገመድ ሊገዛ ፈልጎ "ወልድያ ላይ ዋጋው ከሱቅ ሱቅ እጥፍ ይለያያል፣ የቱን ልያዝ?" ብሎ ጻፈልኝ። ምክንያት አለው። ግንቦት 2016 ላይ መዳብ በለንደን ገበያ ቶኑ ከ11,000 ዶላር አልፎ ነበር። ሐምሌ 22 ደግሞ ብሩ ለገበያ ሲለቀቅ ዶላር በአንድ ቀን ከ57 ብር ገደማ ወደ 74 ዘለለ። በዚህ መሃል ከላዩ መዳብ የተቀባ አሉሚኒየም ገበያውን ሞላው። መሸጡ ክፋት የለውም፤ እኔን የሚያናድደኝ በመዳብ ዋጋ መሸጡ ነው።

ጫፉን በምላጭ ፋቅ አድርጉት፤ ውስጡ ነጭ ከሆነ አሉሚኒየም ነው። ጥቅል የምትገዙ ከሆነ ግን ሚዛን እያላችሁ ምን አስቸገራችሁ! 100 ሜትር ጥንድ ባለ 2.5 ገመድ፣ መዳቡ ብቻውን 4.5 ኪሎ ያህል ነው። የተቀባው 2 ኪሎ እንኳ አይሞላም። ጥቅሉ ከነፕላስቲኩ 4.5 ካልደረሰ ወይ መዳብ አይደለም፣ ወይ ውፍረቱ ተሰርቋል።

ውፍረቱስ? ስፒከሩ 10 ሜትር ከራቀ ቀጭኑ ባለ 0.5 ገመድ ደርሶ መልስ 0.7 ኦም ይይዛል፤ ለባለ 8 ኦም ስፒከር ይህ ብዙ ነው። ባለ 2.5 ከሆነ 0.14 ብቻ። ለ5 ሜትር ሳሎን ባለ 1.5 መዳብ ይበቃል። የተቀባውን ከወሰዳችሁ አንድ ደረጃ ወፍራሙን፣ በርካሽ። "ኦክስጅን የሌለው" ለሚባለው እጥፍ ዋጋ እኔ አልከፍልም፤ በሳሎን ርቀት ጆሮ አይለየውም።

ስትቀጥሉ አምፕሊፋየሩን አጥፉ። አንድ ሳንቲ ሜትር ልጣችሁ ጠምዝዙት፤ አንዲት ክር ወጥታ ሌላኛውን ጫፍ ከነካች አምፑን ታቃጥላለች። ቀይ ከቀይ፣ ጥቁር ከጥቁር። አንዱ ስፒከር ከተገለበጠ ቤዙ ይጠፋል፣ ከዚያ ያለ ጥፋቱ ስፒከሩ ይወቀሳል።

የሀብሩ ዩኒየኖችና ባለመጋዘኖች፣ ይቺ ለእናንተ ናት። የተቀባውን ሽቦ ለመጋዘን መብራትና ሶኬት የሚዘረጉ አሉ። ስፒከር ላይ የሚጎድለው ድምፅ ነው፤ መጋዘን ውስጥ ግን ሽቦው ይግላል፣ ከጎኑ ደግሞ ጆንያ ተደርድሯል። ጨረታ ስታወጡ "ባለ 2.5" ብቻ ሳይሆን "ሙሉ መዳብ" ብላችሁ ጻፉ። ስትረከቡም መዝኑ፤ ነጠላው 100 ሜትር መዳቡ ብቻ 2.2 ኪሎ ነው።