መድኃኒቱ አንድ፣ ዕድሜው ለምን ተለያየ?

የፀረ ኤች.አይ.ቪ. መድኃኒት በአገራችን በነፃ መታደል የጀመረው በ1997 ዓ.ም. ነው። ታዲያ ያንኑ መድኃኒት ከሚወስዱ ሁለት ሰዎች አንዱ ልጁን ድሮ የልጅ ልጅ ሲያይ፣ ሌላው በጥቂት ወራት የሚሞተው ለምንድን ነው?

አንደኛው ምክንያት ዘግይቶ መጀመር ነው። በአገራችን የተደረጉ ጥናቶች እንደሚያሳዩት፣ ከሞቱት ብዙዎቹ ያለፉት ሕክምናውን በጀመሩ በመጀመሪያዎቹ 6 ወራት ውስጥ ነው። ከስተው፣ ደማቸው አንሶ ወይም የሳንባ ነቀርሳ ይዟቸው፣ አልጋ ላይ ከወደቁ በኋላ የመጡ ናቸው። በሽታ የሚከላከሉት የሲዲ ፎር ሕዋሳት በአንድ ኪዩቢክ ሚሊ ሜትር ደም ውስጥ ከ200 በታች ሲወርዱ፣ መድኃኒቱ ሰውነትን እስኪጠግን ሌላ በሽታ ሊቀድመው ይችላል።

ሁለተኛው ማቋረጥ ነው። «አሁንማ ተሻለኝ እኮ!» ብሎ ክኒኑን የተወ ሰው፣ ቫይረሱ እንደገና ይራባበታል፤ መድኃኒቱንም ሊላመደው ይችላል።

እንግዲህ ሰው እያወቀ ለምን ይዘገያል? አንዱ ምክንያት የሰው ዓይን መፍራት ነው። ነገ መምህር ሆነን ገጠር ስንወጣ፣ በመምህራን ማረፊያ የምንወረውራት አንዲት ቀልድ አንዱን ከጤና ጣቢያ ደጅ ልትመልሰው ትችላለች። ስለዚህ ሌላውን ከማስተማራችን በፊት አፋችንን እንግራ።