የኩልፎ ሙላት ከደጋ ይነሳል

ሲቀላ በተባለው የአርባ ምንጭ ክፍል ሰማዩ ጥርት ብሎ ሳለ ኩልፎ ወንዝ ደፍርሶ ሊሞላ ይችላል። ዝናቡ የወረደው ከተማው ላይ ሳይሆን በስተምዕራብ በተገተሩት የጋሞ ደጋዎች ላይ ነውና። አርባ ምንጭ ያለችው ከባሕር ጠለል በላይ 1,300 ሜትር ገደማ ላይ ነው፤ ደጋው ላይ ያለችው ጨንቻ ደግሞ 2,700 ሜትር አካባቢ። በሁለቱ መካከል ያለው መንገድ ግን 40 ኪሎ ሜትር አይሞላም። ውሃ እንዲህ ያለውን ቁልቁለት ሲወርድ ለቆላው ሰው ፋታ አይሰጥም። ኩልፎ ጫሞ ሐይቅ ይገባል፤ የሀሬ ወንዝ ደግሞ የሙዝ ማሳዎችን አቋርጦ አባያ ሐይቅ።

ከዚህ የደጋ ውሃ በተለየ፣ የውቅያኖስ አውሎ ነፋስ ለአርባ ምንጭ ስጋት አይደለም። እንዲህ ያለው ማዕበል ጉልበቱን የሚያገኘው ከሞቃት ባሕር ነው፤ የብስ ሲረግጥ ይደክማል። በግንቦት 2010 ዓ.ም. ሳጋር የተባለው አውሎ ነፋስ ሶማሌላንድን መትቶ ዝናቡ እስከ ሶማሌ ክልል ቢዘልቅም፣ የጋሞ ምድር ከዚያ በጣም ሩቅ ነው። ሆኖም ባሕሩ ጨርሶ አይመለከተንም ማለት አይቻልም። የሕንድ ውቅያኖስ ምዕራባዊ ክፍል ከወትሮው ሲሞቅ በምሥራቅ አፍሪካ የመጸው ዝናብ ይበረታል፤ አርባ ምንጭም ከሚያዝያና ግንቦት ቀጥሎ ሁለተኛ ዝናቧን የምታገኘው በዚሁ ወቅት ነው።

ከደጋ የሚነሳ ሙላት የአርባ ምንጭ ብቻ አይደለም። በሐምሌ 1998 ዓ.ም. መጨረሻ ድሬዳዋን በሌሊት ያጥለቀለቀው የደቻቱ ወንዝ ጎርፍም ምንጩ ከከተማዋ በላይ ያሉት የሐረርጌ ደጋዎች ነበሩ። ከ200 በላይ ሰዎች ሞቱ። ወንዙ በበጋ ደረቅ አሸዋ ስለሆነ፣ ዳር ዳሩን መኖር አደጋ አይመስልም ነበር።

ጎርፍ አፈርም ይዞ ይወርዳል። አባያ ቀላ ያለ ቡናማ የሆነው ወንዞች ከተራራው ባጋዙት ደለል ነው። የጋሞ ደገኞች እንሰትና ቀርከሃ እየተከሉ፣ ተዳፋቱ ላይ እርከን እየሠሩ መሬታቸውን ይዘው ኖረዋል። ይህ ሥራ የሚጠቅመው ለደጋው ብቻ አይደለም፤ ሲቀላ ላለው ቤትና ሀሬ ላለው ሙዝም ጭምር ነው። ተዳፋት በዝናብ ሲርስ ምን ሊያደርግ እንደሚችል ጎረቤቱ የጎፋ ዞን በሐምሌ 15 ቀን 2016 ዓ.ም. አይቷል፤ በመጀመሪያው ናዳ የተቀበሩትን ለማውጣት የተሯሯጡትን ሰዎች ሁለተኛው ናዳ ቀበራቸው፤ የሟቾቹ ቁጥር ከ200 አለፈ።

ስለዚህ ማስጠንቀቂያው መጀመር ያለበት ከላይ ነው። ደጋው ላይ የዝናብ መለኪያ የሚያነብ ሰው፣ ወንዙ ሳይደርስ ቀድሞ የሚደርስ ስልክ፣ ከወንዙ ዳር የራቀ የቤት ቦታ ያስፈልጋል። ለዚህ ሥራ በእውቀት ሊያግዝ የሚችለው፣ በ1979 ዓ.ም. የውሃ ቴክኖሎጂ ተቋም ሆኖ የተመሠረተው አርባ ምንጭ ዩኒቨርሲቲ ደግሞ እዚያው ከተማው ውስጥ አለ።